ኅዳር ከታጠነ በኋላ

ባለፈው ሳምንት፣ ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ ወረታ ላይ ዘነበ። ጎረቤቶቼ «የበረከት ዝናብ» እያሉ ባልዲ ሲደቅኑ እኔ ሮጬ መኝታ ቤት ገባሁ። ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኔ ዘንድ መጥታለች፤ ሰባት ወሯ ነው። አጎበሩን አውርዳ አጣጥፋዋለች።

«ይሞቃል እኮ እማ። ደግሞ ኅዳር ታጥኖ አልቋል» አለችኝ።

ጮኽኩባት። ወዲያው አፈርኩና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ይህችን «ኅዳር ታጥኗል» የምትል ቃል አውቃታለሁ። ወረታ አጠገብ ባለችው ቁሐር ሚካኤል ስናድግ፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን ቆሻሻው ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል፤ በሽታውም ከጭሱ ጋር ይሄዳል ይባላል። አባቴ ወባን እንደ እንግዳ ነበር የሚቆጥራት። ለመስቀል ትመጣለች፣ ኅዳር ሲታጠን ትሄዳለች። እውነትም ዕድሜውን ሙሉ ቀኗን አዛብታበት አታውቅም።

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ለቤታችን የደረሰን አጎበር አንድ ብቻ ነው። ኅዳር ታጠነ፣ ሩዙ ታጨደ፣ የገለባ ማሰሪያ ታጣ። እኔ ደግሞ በእጄ ሥራ የምመካ ልጅ ነበርኩ። አጎበሩን በማጭድ ተርትሬ ገመድ ገመድኩት። አባዬ በሁለት እጁ ወጥሮ ሞከረውና «ከቃጫ ይበልጣል! ተባረኪ» አለኝ። በዚያች ምርቃት ሳምንት ሙሉ ስኩራራ ሰነበትኩ።

ለጥምቀት ታላቅ እኅቴ ጥሩዬ ከባሏ አገር ከሐሙሲት መጣች። እሷም ሰባት ወሯ ነበር፤ ወጉ ነውና የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ነው። ታቦቱ በገባ ማግሥት ሰማዩ ጠቆረ። በጥር እንዲያ ያለ ዝናብ ሽማግሌዎቹም አይተው አያውቁም። ሦስት ቀን ወረደ። ዋልካው መሬት አልጠጣም ብሎ የታጨደው ማሳ፣ የከብቱ ኮቴ ዱካ ሳይቀር ውሃ ቋጠረ። እኛማ ሣር ሊበቅል ነው ብለን ደስ አለን። ማታ ማታ ቢንቢው ጆሯችን ሥር ሲጮህ ይሰማል፤ ማን ቁብ ሰጥቶት!

የካቲት አጋማሽ ላይ ጥሩዬ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ተንቀጠቀጠች። ሁለት ጋቢ ደረብንላት፤ ጥርሷ መንገጫገጩን አላቆመም።

«ምች ነው» አለች እናቴ፤ ዳማከሴ አሽታ አጠጣቻት።

«ወባ ቢሆንስ?» አልኩ።

አባዬ ተቆጣኝ። «በየካቲት? ምን ነካሽ አንች! ኅዳር ከታጠነ ስንት ጊዜው!»

ዳማከሴው ሁለት ቀን ሙሉ ተጨመቀ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አጥሚት ይዤላት ገባሁ። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ትክ ብላ አየችኝና «አንች የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ያን ጊዜ የገባብኝ ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ወንዶቹ ሁለት እንጨት አጋድመው ቃሬዛ ሠሩ። «ጠንካራ ገመድ አምጭ!» አለኝ አባዬ። ጠንካራው ገመድ አንድ ነው። እኔው አመጣሁ፣ እነሱ አሰሩት። እስከ ወረታ ከጎኗ ሮጥኩ። ገመዱ ከደረቷ በታች አልፏል፤ ላላ ባለበት በኩል የአጎበሩ ወንፊት ወንፊት ቀዳዳ ይታያል። ከዚያ በቀር ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። ማርያምን እለምናለሁ፣ ምን ብዬ እንደምለምን ግን አላውቅም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ባለሙያዋ የጥሩዬን ጣት ወግታ ደሙን ይዛ ገባች። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል።

«ወባ ነው። ዘግይታችኋል። አጎበር የላትም?»

አባዬ እኔን አላየኝም። «ወሩ የወባ አይደለም እኮ፣ ልጄ» አላት።

«ትንኟ ባሕረ ሐሳብ አልተማረችም፣ አባቴ። ውሃ ካገኘችና ከሞቃት ለእርስዎ ወር ግድ የላትም።»

ጥሩዬ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።

ስንመለስ በጋሪ ነበር፤ የተፈታው ገመድ ከእግራችን ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጥሩዬ አነሣችው።

«ይኸ አጎበሩ አይደል?»

«ነው» አልኳት።

ብዙ ዳበሰችው። «ጠንክሮ ተገምዷል» አለች። ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ እስከ ዛሬም አላልኩም።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ የወር ቆጠራው ግን ከእሱ ቀድሞ ሞቷል። አሁን ክረምቱ ይዘገያል፣ በጋው ይዘንባል። ሙቀቱ ወደ ላይ እየወጣ፣ ወባን በስም ብቻ የሚያውቁ ደገኞችም እየታመሙ ወረታ ይወርዳሉ። የምፈራበትን ወር ባውቀው ኖሮ በቀረው አርፍ ነበር። ዐሥራ ሁለቱንም ወር እፈራለሁ።

ያን ቀን አጎበሩን እየሰቀልኩ ይህን ሳስብ ስልኬ ጮኸ። ጥሩዬ ናት፤ ያለ ጊዜው በዘነበ ቁጥር ትደውላለች።

«እናንተ ዘንድም ዘነበ?»

«ዘነበ።»

«አጎበሩስ?»

«አሁን መልሼ ሰቀልኩት።»

«ማሰሪያውን አጥብቂው» አለችኝ። «ገመድ እንደሆነ ታውቂበታለሽ።»

ተነሥቼ አጠበቅኩት።