ከቀሚሷ የተረፈ

ዱዋላ ከተማ ውስጥ፣ አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት በር ላይ ቦንቦሊኖና ቦሎቄ የምትሸጠው ኤርሚን የሰውየውን ስም ጠይቃው አታውቅም። ሽበት የወረረው ዝምተኛ ነው። ለሴቶች ቀን ታትሞ ሴቶች ቀሚስ ከሚያሰፉት ጨርቅ የተሰፋ፣ አበባው የደበዘዘ ሸሚዝ ይለብሳል። በሩ ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቁት ሞተረኞች ባዩት ቁጥር፣ «አባባ፣ ቀሚሱንስ የት ጣሉት?» እያሉ ይስቁበታል። አይቆጣም።

የኤርሚን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለቪዛ ለሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ፈተና ይዘጋጃል። ስለ ባቡር መዘግየት፣ ስለ ሆቴል ቁርስ የሚተርኩ ምንባቦችን ያነባል። ከዚያ የቃላቱን ፍቺ በመዳፉ ሸፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ አንዱ ሲጠፋበት የሸሚዙን ጫፍ ያፍተለትላል።

ዛሬ ኤርሚን አላስቻላትም።

«አባባ፣ ይሄን ፈተና አልፈው የለም እንዴ? ሰፈሩን ሁሉ ቦንቦሊኖ ጋብዘው!»

«ካቻምና ነው፣ ልጄ። ወረቀቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ሊቃጠልብኝ ነው።»

«ታዲያ ለንደን ያሉት ባለቤትዎ መቼ ነው የሚወስዱዎት?»

ሸሚዙን ቁልቁል አየው።

«ይሄ በሄደችበት ዓመት ካሰፋችው ቀሚስ የተረፈ ጨርቅ ነው» አላት። «ማለፌን ሳልነግራት ስልኳን ቀየረች። ድንገት ከደወለች ግን፣ በፈተናው እንኳ አታመካኝብኝም።»

መዳፉን መልሶ ቃላቱ ላይ ጫነ።