በባለቤቴ ላይ የጫንኩት በሽታ

ባለቤቴ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከእነዋሪ ስንዴና ገብስ ጭኖ ደብረ ብርሃን ያራግፋል፤ አንዳንዴም የፋብሪካ ዕቃ ይዞ በደሴ መስመር ይወርዳል። ጭጋጉ ሲከብድና መንገዱ አላሳይ ሲል ደብረ ሲና ያድራል። እኔ እዚያው ደብረ ብርሃን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የቢሮ ጓደኞቼ «የሹፌር ሚስት ሆነሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?» እያሉ ሲቀልዱብኝ አብሬያቸው እስቅ ነበር። ለካ እየሳቅኩም ነገሩ ውስጤ ይቀር ኖሯል።

የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ለክትትል ጤና ጣቢያ ስሄድ ደም ተወሰደልኝ። ነርሷ ውጤቱን ይዛ ስትመለስ በሩን ዘጋችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«የቂጥኝ ምርመራሽ አለብሽ ይላል። አትደንግጪ፣ በመርፌ ይድናል። ግን ለፅንሱም ስለሚያሰጋ ዛሬውኑ እንጀምርልሽ። ባለቤትሽም መጥቶ ይመርመር» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ነበረሽ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«የለም» አልኳት።

ነበረ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ላገባው ያሰብኩት፣ በኋላ ትቶኝ የሄደ ሰው ነበር። ለባለቤቴ ስለዚያ ሰው ነግሬው አላውቅም። ስንጋባ «አንተ የመጀመሪያዬ ነህ» ብዬዋለሁ። ለእሱ ያልኩትን ለነርሷ እንዴት ላፍርሰው? ደግሞም ያ ነገር ካለፈ ስንት ጊዜው! በዚያች ሰዓት ዓይኔ ላይ የመጣው ደብረ ሲና ብቻ ነው።

መርፌዬን ተወግቼ ቤት ስደርስ ባለቤቴ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ብሎን ያጠብቃል። እግሩ ብቻ ይታየኛል።

«ውጣ!» አልኩት።

ግራሶ የነካው እጁን እየጠረገ ወጣ። «ምን ሆንሽ? ሰላም አይደለሽም?»

«ደብረ ሲና ከማን ጋር ነው የምታድረው?»

«ከማንም ጋር። ምን ማለትሽ ነው?»

«ቂጥኝ አለብኝ። አንተ ነህ ያመጣህብኝ። ገና ላልተወለደው ልጅ እንኳ አላዘንክም!»

ይጮህብኛል፣ ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ሆዴን አየና፣ «ልጁን ይጎዳዋል?» አለኝ።

«እሱን ድሮ ነበር ማሰብ!»

«እኔ የትም አልሄድኩም። ግን ነገ እመረመራለሁ፤ አብረን እንሂድ» አለ። እርጋታው የጥፋተኛ እርጋታ መሰለኝ።

አብሬው አልሄድኩም። ጠዋት ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ አንኮበር ታላቅ እህቴ ጋ ሄድኩ። ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ እያለቀስኩ፣ «በሽታ አመጣብኝ» አልኳት። እህቴ በእኔ ከመጡባት አትችልም። ሁለቱን ጎረቤቶቿን ጠርታ ሰውየው ምን እንዳደረገኝ እኔው ፊት ነገረቻቸው። «ተይ፣ እታለም» ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ባለቤቴ በሳምንቱ መጨረሻ መጣ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ሰላምታውን ሳትቀበል፣ «እህቴን እንዲህ አድርገህ ደግሞ ምን ልትሆን መጣህ? ከደጄ ጥፋ!» ብላ ጮኸችበት። ጎረቤቶቹ ወጥተው ያዩታል። እሱ ኮፍያውን አውልቆ በብርዱ መሐል ቆመ፤ አንድ ቃል አልመለሰላትም። እኔ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁና ወደ መኪናው ሄድን። ጋቢና ገብተን በሩን ዘጋን።

«ተመርምሬያለሁ። የለብኝም» አለኝ። «ተሳስተው ይሆናል ብዬ ድጋሚ አስመረመርኩ። ያው ነው። ነርሷ እንዳለችኝ ይሄ በሽታ ምንም ሳያሳይ ለዓመታት ሰው ላይ ሊቆይ ይችላል።»

«ታዲያ እዚያ በር ላይ ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገር ደግሞ ወደ አንቺ ሊዞሩ ነው።»

ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። ስለ ዩኒቨርሲቲው ሰው ነገርኩት፤ ለነርሷ እንደዋሸሁም ነገርኩት። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት እያየ ሰማኝ።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«የምትተወኝ መስሎኝ።»

«እሱስ ይሁን፤ ከእኔ በፊት የሆነ ነገር ነው» አለ። «ግን እንደዚያ ያለ ሰው እንደነበረሽ እያወቅሽ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትጠራጠሪ እኔን ሌባ አደረግሽኝ?»

ፈርቼ ነው፣ ደንግጬ ነው ልለው አሰብኩ፤ ሁለቱም እውነት ነበር፣ ግን አይበቃም።

ወርጄ ለእህቴ እውነቱን ልንገራት ስለው፣ «ዛሬ ተይው፤ እንሂድ» አለኝ። ደስ አለኝ። እሱ እንደዚያ ተሰድቦ ሳለ፣ እኔ ከኀፍረት አመለጥኩ ብዬ ደስ አለኝ። ያቺን ደስታ ሳስባት ዛሬም ያመኛል።

የቀሩትን መርፌዎች ልወጋ ስሄድ ጭነቱን እያዘገየ እሱ ወሰደኝ። ሴት ልጅ ተገላገልኩ። ሐኪሞቹ መርምረዋት ጤነኛ ናት ሲሉን ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። እንደ ድሮው ይጫወታል፣ ይስቃል። ውጭ ሲያድር ግን ድሮ የማያደርገውን ያደርጋል፦ በቪዲዮ ይደውልና ያለበትን ክፍል ዞር አድርጎ ያሳየኛል። «እኔ ጠየቅኩህ እንዴ?» ስለው፣ «ምናለበት፣ እይው» ይለኛል። ስልኩን ሳልዘጋ ባዶውን ክፍል አያለሁ።

ለእህቴ የነገርኳት ልጅቷ ክርስትና ከተነሳች በኋላ ነው፤ ያን ያህል ቆየሁ። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ታዲያ እኔ በሰው ፊት ያዋረድኩትን ሰውዬ ምን ብዬ ነው የማየው?» አለች። መጥታ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ቀልቦ አነሳት፤ «ለእህትሽ ብለሽ ነው» አላት።

ጎረቤቶቿ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቁት የመጀመሪያውን ወሬ ነው። ለበዓል አንኮበር ስንሄድ ባለቤቴ ልጃችንን አቅፎ እየዞረ ሰላም ይላቸዋል፤ እነሱም ከአንገት በላይ ይመልሱለታል። እኔ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። በየቤታቸው ገብቼ «በሽታው የእኔ ነበር» ልላቸው ብዙ ጊዜ ተነስቻለሁ። እስካሁን አንዱንም ደጃፍ አልረገጥኩም።