ጨቅጫቃውና ሸጋው

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ መሠረት ከምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ደወለችልኝ። የመመረቂያ ጽሑፏን መረጃ የምትተነትንበትና ግራፍ የምትሠራበት ሶፍትዌር መምረጥ ነበረባት። «አክስቴ፣ አንቺ ድሮ እዚህ ሥራ ላይ ነበርሽ። አንዱ ቀላል ነው፣ ግራፉም ያምራል። የሌላው ጭቅጭቅ ግን አይጣል ነው። የቱን ልጫን?» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ፣ የቡሬ በርበሬ ሽታ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ።

ኮምፒውተር ወደ ወረዳ ከተሞች መግባት የጀመረበት፣ ሪፖርትና ግምገማ የበዛበት ዘመን ነበር። እኔም ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ አዲስ የበርበሬ ዘር የሚያስፋፋ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ቀጥሮኝ ነበር፤ ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ እንኳ አላገኝም። ዘሩን ለሙከራ የተከሉ ገበሬዎች ቤት እየዞርኩ ምርታቸውን እመዘግባለሁ። ቡሬ ዙሪያ ያሉትን ቀበሌዎች በእግሬ አዳርሻቸዋለሁ። በታኅሣሥ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ጧት ጧት ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ጾም ነውና የገባሁበት ቤት ሁሉ የድንች ቅቅል በአዋዜ ይቀርብልኛል።

ያገሬ ገበሬ «ምንም አላገኘሁም» ብሎ በአፉ አይናገርም። ፈጣሪን ማማረር ይሆንበታል። «ምርቱ እንዴት ነው?» ስል የተሳካለትም ያልተሳካለትም «ተመስገን» ይለኛል። የተሳካለት ጆንያውን ያሳየኛል፤ ያልተሳካለት ድንች ያስጨምርልኛል። እኔም የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ አስጨንቄ መጠየቁ ነውር ይመስለኝ ነበር። ደብተሬ ላይ በቁጥሩ ቦታ ጭረት አድርጌ አልፋለሁ።

ቢሯችን አንድ ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁለት ፕሮግራሞች ነበሩት። አንዱን ጨቅጫቃው አልነው። ጭረት ካየ «ይህ ቁጥር አይደለም» ብሎ በቀይ ይቆማል፤ መልስ ካልሰጡት ንቅንቅ አይልም። ሌላውን ሸጋው አልነው። ሸጋው ጭረቷን ዝም ብሎ ይዘላትና ቁጥር የተጻፈላቸውን ብቻ አማካይ ወስዶ የግራፉን ባለቀለም ምሰሶዎች ያቆማል። ከጨቅጫቃው ጋር ግማሽ ቀን ስሟገት ዋልኩ፤ በመሃል መብራት ሄዶ መጣ። ሪፖርቱ ለማግስቱ ይፈለጋል። ሸጋውን መረጥኩ። የአዲሱ ዘር ምሰሶ የነባሩን እጥፍ ሆኖ ቆመ። ኃላፊያችን ሲያየው አጨበጨበ፤ እኔም፣ አልዋሽም፣ ኮራሁ።

መጋቢት ላይ ግራፉን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ለአባቴ ወሰድኩላቸው። አባቴ ቡሬ አጠገብ ሞዴል ገበሬ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ምሰሶ መለካት ግን ያውቁበታል። ጣታቸውን ከታች እስከ ላይ አስኬዱና «ይኼን ያህል?» አሉኝ። «ይኼን ያህል» አልኳቸው። ነባሩን ዘር ትተው ማሳቸውን በሙሉ ለአዲሱ ሰጡ። እሳቸውን አይቶ ጎረቤቱም ተከተለ።

በሰኔ መጨረሻ፣ ችግኙ ማሳ ላይ እንደተተከለ፣ ቡሬ ላይ የገበሬዎች ስብሰባ ተጠራ። ግራፉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ካምናዎቹ ሞካሪዎች አንዱ የሆኑት አያ ደሴ በዱላቸው ተደግፈው ቀረቡኝ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ብጠይቅሽ ነውር ይሆንብኛል?»

«ምን ነውር አለው፣ አያ ደሴ? ይጠይቁኝ።»

«እኔ የቱ ላይ ነኝ?»

«ይህ ረጅሙ የእናንተ ነው። ሁላችሁም ውስጡ ናችሁ።»

ምሰሶውን ቀና ብለው አዩት። «የኔ በርበሬ ነሐሴ ላይ ውሃ ሲተኛበት ሥሩ በሰበሰ። አንዲት ዛላ አልለቀምሁም። አብረውኝ የሞከሩት የእነ ጫኔም እንደዚያው ነው። ታዲያ እዚህ ሰገነት ላይ ማን አወጣን?»

ሰዉ ሳቀ። «ታኅሣሥ ላይ ስጠይቅዎ ተመስገን አላሉኝም?» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ልበል፣ ልጄ?»

በዚያው ቀን የጭነት መኪና ለምኜ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩና ጨቅጫቃውን ከፈትኩ። በእያንዳንዱ ጭረት ላይ ሲቆም ደብተሬን እገልጣለሁ፣ ስሙን አነባለሁ፣ ቤቱን አስታውሳለሁ። ድንች ያስጨመረልኝ ሰው ነው? ዜሮ። አሥራ አንድ ጊዜ ዜሮ ጻፍኩ። የአዲሱ ዘር ምሰሶ ከነባሩ በታች ወረደ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ኃላፊያችን «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለኝ። «ዘሩ ታድሏል፣ ሪፖርቱም ሄዷል። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ሊቀንስ ይችላል።»

በማግስቱ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ አባቴ ማሳ ደረስኩ። «አባዬ፣ ይንቀሉት! ለጤፍ ገና ጊዜ አለ» አልኳቸው። ነገሩን እስክጨርስ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«መጋቢት ላይ ወረቀት ይዛ የመጣችው ልጄ ናት። ዛሬ ጭቃ ለብሳ የመጣችውም ልጄ ናት። የትኛዋን ልመን?»

«የዛሬዋን።»

«እሺ፣ አመንሁሽ። ጎረቤቶቼ ግን ያመኑት አንቺን አይደለም፣ እኔን ነው። እነሱ ካልነቀሉ እኔ ብቻዬን ጤፌን ዘርቼ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ቤት ለቤት ዞርኩ። ለመንኩ፣ እግር ላይም ወደቅኩ። «ትከሉ ሲሉን ተከልን፤ አሁን ደግሞ ንቀሉ? ምን ነክቷት ነው?» አሉ። ሁለት ሰዎች ብቻ ነቀሉ፤ አባቴም ሳይነቅሉ ቀሩ። የጤፉ ጊዜ አለፈ። የገበሬ ልጅ ሆኜ ዝናብ እንዲቆም የጸለይኩት ያን ክረምት ብቻ ነው። ዝናቡ ግን ነሐሴን ሙሉ ወረደ። እኔም የቢሮው ቆርቆሮ ሲንጫጫ በሰማሁ ቁጥር የአባቴ በርበሬ ሥር ይታየኝ ነበር።

ታኅሣሥ ሲመጣ ደብተሬን ይዤ እንደገና ዞርኩ። አባቴን ወደ መጨረሻ ገፋኋቸው፤ ፈርቼ ነው። ገበታ ቀርቦ ነበር። እንደ ማንኛውም ገበሬ ጠየቅኳቸው።

«ምርቱ እንዴት ነው?»

«ተመስገን» አሉ። ከዚያ ከራሳቸው ድርሻ ሁለት ድንች አንስተው እኔ ፊት አደረጉልኝ።

ዜሮ ጻፍኩ። ድንቹንም በላሁት፤ አልበላም ማለት ከየት ይመጣል?

መሠረት ስልኩ ላይ መልስ እየጠበቀች ነበር። «ጨቅጫቃውን ጫኚ» አልኳት። ደግሞም «ባዶ ያለፍሻቸው ቦታዎች አሉ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ጥቂት አሉ። ውጤቱን ብዙ አይለውጡትም።»

«የእነማን ናቸው?»

አላወቀችም። «ሄደሽ ጠይቂና ደውዪልኝ» ብያት ስልኩን ዘጋሁ። ሸጋውን አልወቅሰውም፤ እሱ እነዚያ ቤቶች ገብቶ አያውቅም፣ የገባሁት እኔ ነኝ። አባቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው። እስከ ዛሬ ግን ሰው ሳልጠይቀው ምግብ ሲጨምርልኝ፣ ምን አጥቶ ይሆን ብዬ ፊቱን አያለሁ።