ገመዱን ያጠበቅሁበት ቀን

ማሽላው ተሰብስቦ ከርከሮ ማባረሩ ጋብ ሲል ነው የሄድነው። የቆቦ ሰው ሻርክ አደነ ስላችሁ እንደምትሳሳቁ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም ራሴ ባላደርገው አላምንም ነበር።

ጓደኛዬ አሊ አፋር ነው። ፍየል ይዞ ቆቦ ገበያ ሲመጣ የሚያድረው እኛ ቤት ነው፤ አማርኛውን ብትሰሙት የአጠገባችን የሮቢት ልጅ ትሉታላችሁ። ከድንበር ማዶ፣ ታጁራ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ያሲን የሚባል ዓሣ አጥማጅ አማች አለው። አንድ ሻርክ የያሲንን መረብ እየቦጫጨቀ ቤተሰቡን ጦም ሊያሳድር ነው የሚል ወሬ ሲደርሰው አሊ ወደ እኔ ዞረና «ሰይድ፣ ከርከሮ ማሯሯጥ አልሰለቸህም?» አለኝ። እንዲህ ሲሉኝ እምቢ ማለት አልፈጠረብኝም።

እስከ ሚሌ አይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን ሄድን። ከዚያ ወዲያ ከፍየል ነጋዴዎች ጋር በእግር ነው። ድንጋዩ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፤ ነፋሱ አሸዋ ይዞ ፊት ይገርፋል። የጫማዬ ሶል ተላቆ በሽቦ አስሬው ሄድኩ። በመጨረሻ ባሕሩን አየሁት። የአገሬን ወንዝ የጎሊናን ጎርፍ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ውሃ አልፈራም እል ነበር። ማዶው የማይታይ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

ያሲን ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከአፋርኛ በቀር ሌላ አይሰማም። «ባሕር ዱካ የለው፣ በምን ልታገኘው ነው?» ስለው አሊ ተረጎመለትና ሳቀብኝ። ጠዋት በሞተር ጀልባው ስንወጣ ገባኝ። እሱ ፊት ቆሞ ወፎች የተሰበሰቡበትን፣ ትናንሽ ዓሦች ከውሃው እየተፈናጠሩ የሚሸሹበትን እያየ፣ ኋላ ሞተሩን የያዘውን አሊን በእጁ ይመራዋል። እኔ የከርከሮ ኮቴ አይቼ የገባበትን ጥሻ እንደማውቀው ማለት ነው።

ያሲን የሰጠኝ ጦር ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው ብረት ነው። ረጅም ገመድ ታስሮበታል፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ባዶ ቢጫ ጄሪካን ላይ ተቋጥሯል። ጄሪካኑ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጦር ማለት ጦር ነው፣ እኔን ስለ ጦር ማን ያስተምረኛል?

ሻርኩ ከጎናችን ብቅ ሲል ጥላው ከጀልባዋ ይረዝም ነበር። ያሲን ጠቆመኝ፤ ወረወርኩ፤ ጀርባው ላይ ተሰካ። የእኛ አገር አዳኝ የወጋውን አይለቅምና ገመዱን በክንዴ ጠመጠምኩት። ያሲን «ሐብ! ሐብ!» ብሎ ጮኸ። በትግርኛ «ሃብ» ማለት ስጥ ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። እኔም ከገበያ የለቃቀምኳት ትግርኛ ነበረችኝና «ስጠው! በርታበት!» የሚለኝ መሰለኝ። እግሬን ጠርዙ ላይ ተክዬ ሳብኩ። እሱ «ሐብ!» ባለ ቁጥር እኔ አጠብቃለሁ። አሊ በሞተሩ ጩኸት ምንም አልሰማም። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደችና አሊ ተገልብጦ ባሕር ውስጥ ገባ።

ሻርኩ ወደ እሱ ዞረ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ፈራሁ። ለሚስቱ ምን ብዬ ነው የምነግራት? አሁን ብለቀው በአንድ ምት አሊ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ እንደ እልኸኛ በሬ ራሱን ወደ እኔ መለስኩት። አፉን ከፍቶ ወደ አሊ ይዞራል፣ እመልሰዋለሁ፤ ደግሞ ይዞራል፣ እመልሰዋለሁ። ገመዱ መዳፌን ላጠው፤ ይኸው ጠባሳው፣ እዩት። ያሲን አሊን በሽርጡ ያዘው፤ ሽርጡ ተፈቶ እጁ ላይ ቀረ። እንደገና ክንዱን ይዞ ጎትቶ አወጣው።

አሊ ራቁቱን ወድቆ የጨው ውሃ እያስመለሰ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልቀቀው እኮ ነው የሚልህ! ሐብ በእኛ ልቀቅ ነው!» አለኝ።

«እኔማ ስጠው ያለኝ መስሎኝ!»

ለቀቅሁት። ጄሪካኑ ከጀልባዋ ዘሎ ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ነጎደ፤ ለካ ሥራው ያ ኖሯል። ዓሣው እሱን እየጎተተ ይደክማል፣ አዳኙ ቀስ ብሎ ይከተለዋል። ስንደርስበት ኃይሉ አልቆ ነበር፤ ያሲን ጨረሰው። ከዚያ የቆሰለ እጄን ይዞ ሳመው። ብዙ አድኛለሁ፣ እንደዚያ ያከበረኝ ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ ከማላውቀው ሰው ጋር አደን ስወጣ አስቀድሜ «ልቀቅ በቋንቋህ ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ። አሊ እስኪወጣ ድረስ ግን ያን ገመድ መያዜ እስከ ዛሬ ያኮራኛል፤ ምን አስደበቀኝ!

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ወሬያችን በዳጉ ቀድሞን ኖሮ ሚሌ ስንደርስ አማርኛ የሚችል አንድ ሽማግሌ አስቀምጦን የእኔኑ ታሪክ ይተርክልን ጀመር። ወሬው እዚያ ሲደርስ ሻርኩ አሥር ግመል አክሏል። አሊ ሳቁን በእጁ አፈነ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተስ የቆቦ ሰው አይደለህ? ያን ሰው ታውቀዋለህ?» አለኝ።

በጨርቅ የታሰረ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩና፣ «አሳምሬ! ጎበዝ ሰው ነው፤ ቋንቋ ብቻ ትንሽ ይቸግረዋል» አልኩት።