ግራዬ የሚያነሳው ቀኝ እጄ

ያን ሳምንት ሁለት የእጅ ሰዓት ታስሮልኝ ነበር፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ አንጓዬ። ሰዓት አልኳቸው እንጂ ቁጥርም የላቸው። «ክንድዎ ስንት ጊዜ እንደተንቀሳቀሰ ይመዘግባሉ» አለኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው፣ ከሰሜን የመጣ ትሁት ወጣት። «ሰባት ቀን። ሲተኙም አያውልቋቸው።»

ከአራት ወር በፊት እዚሁ ሶዶ፣ ቁልቁለቱ ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ የቀኝ ትከሻዬ ነርቭ ተጎድቷል። ጣቶቼ ጠመኔ ይይዛሉ፤ ክንዴ ግን ከወገቤ በላይ አልነሳም ብሎኛል። አስራ ስምንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፈ እጅ! ትምህርት ቤቱ ቁርጡን ነግሮኛል፦ «ማስተማር ትችላለች» የሚል ደብዳቤ ከሐኪም ካመጣሁ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ፤ ካላመጣሁ ዕቃ ግምጃ ቤት ቁጭ ብዬ ለሌሎች መምህራን ጠመኔ ላድል ነው። ይህን ስሰማ ቆሽቴ አረረ።

ባለሙያው መጀመሪያ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ፈተነኝ። ኩባያ አንሺ፣ ጸጉርሽን አበጥሪ፣ ልብስ ገመድ ላይ አስጪ ነው ነገሩ፣ እሱ በአንቱታ ይለዋል እንጂ። ላብ በላብ ሆኜ ትንሽ ትንሽ ሞከርኩ። «እዚህ ሁሉም ሰው ይበረታል» አለኝ። «ደብዳቤውን የምጽፈው ቤትዎ ውስጥ የሚያደርጉትን አይቼ ነው።»

ቤቴ ውስጥ! ቤቴ ውስጥ ማን ያስደርገኛል?

ባሌ ለሥራ ሃላሌ ነው የሚኖረው። አማቴ አደጋውን በሰማች ማግስት አንድ ማዳበሪያ ጎደሬ አሸክማ ከዲምቱ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ውሃ ልቅዳ ስል ጆጉን ትነጥቀኛለች። የተቀቀለ ጎደሬ ልላጥ ብዬ እጄን ስዘረጋ ልጣ፣ ጨው አስነክታ አፌ ውስጥ ትከተዋለች። «እማዬ፣ እባክዎ፣ ሐኪሙ ሥሪ ብሎኛል» እላታለሁ። «ቁጭ በይ! ልጄ መጥቶ ስትሠሪ ቢያይሽ ምን ይለኛል?» ትላለች። አንድ ቀን ተደብቄ ኩባያ ሳጥብ ደረሰችብኝና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እሷ በአዘኔታ፣ እኔ በንዴት። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት እንደ ጨቅላ ስጎረስ ውዬ ስጎረስ አመሻለሁ። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን በሩ የማይከፈት ፍቅር ነው። የቀኙ ሰዓት ጭኔ ላይ ተጋድሞ ሳየው እሱም የታሰረ ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠያቂ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ጎረቤት፣ የተማሪ ወላጅ። ገብተው እጃቸውን ይዘረጋሉ። እኛ ዘንድ ለሰው፣ ያውም ለታላቅ ሰው፣ ግራ እጅ መስጠት ነውር ነው። ስለዚህ በግራ እጄ የቀኜን አንጓ ይዤ፣ አንስቼ፣ አቀብላቸዋለሁ። እነሱ ተቀብለው ይወዘውዙታል። ሊጸልዩ ሲይዙትማ አይለቁትም፤ አንዲት እናት «በኢየሱስ ስም!» ባለች ቁጥር ወተት እንዳለበት ቅል ትንጠዋለች። እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ በር ላይ ተሰልፈን ስንጨባበጥ ለስንቱ እንዳቀበልኩት እንጃ።

በስምንተኛው ቀን አማቴን ከጎኔ አስቀምጬ ባለሙያው ፊት ተቀመጥኩ። ሰዓቶቹን ፈትቶ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘ። ትንሽ አየና ፊቱ በራ።

«ቲቸር፣ ጉድ ነው እኮ! ጠዋት ጠዋት ቀኝዎ ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ግን ከግራው እኩል ነው የሚንቀሳቀሰው! እሁድማ ተውት!»

ወዲያው ገባኝ። ሰዓቱ እጄ መንቀሳቀሱን እንጂ ማን እንዳንቀሳቀሰው በምን ያውቃል? አማቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉ በሽተኞች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው አዩን። መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ግን ሰሌዳው ታየኝ፣ የጠመኔው ብናኝ እጅጌዬ ላይ፣ ከኋላ ወንበር የሚያወሩት ልጆቼ። አፌን ዘጋሁ። ተማሪ ሲኮርጅ ስይዝ ወረቀቱን ቀዳድጄ የምጥል ሴት፣ ቁጭ ብዬ ኮረጅኩ። አፈርኩ።

ደብዳቤው ከማተሚያው ወጣ። ፈረመበት፣ ማኅተም መታበት። ከዚያ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ከት ብሎ እየሳቀ እጁን ዘረጋልኝ። «እንኳን ደስ አለዎት!»

እኔም ተነሳሁ። ሳላስበው፣ እንደለመድኩት፣ በግራ እጄ የቀኜን አንጓ ይዤ፣ አንስቼ አቀበልኩት።

ጨበጠኝ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። አንጓዬን የያዘውን ግራዬን አየ፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ፤ መልሶ እጄን አየ።

«ሰው ሲጨብጡ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ» አልኩት።

አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ። ደብዳቤውን መሳቢያው ውስጥ አስገባና ሰዓቶቹን መልሶ አሰረልኝ። «ሌላ ሰባት ቀን። እጁ ራሱ ካልተነሳ ግራዎ አያንሳው። ለማንም።» ለአማቴም «እናት፣ አያጉርሷት» አላት። እሷ ሰደበኝ ብላ እስካሁን ትናገራለች።

ሶዶ ውስጥ ሰባት ቀን ሰው ሳይጨብጡ መኖር! ማን ያምነኛል? ኮራች፣ ጠገበች ነው የምባለው። ይህን እያሰላሰልኩ ግቢውን አቋርጬ በሩ ጋ ስደርስ ሽማግሌው ዘበኛ ከተቀመጡበት ዱካ ተነሱ። አራት ወር ሙሉ ስመጣ ስሄድ ሳይጨብጡኝ አልፈው አያውቁም።

«ሳሮ ቲቸር!» ብለው በወላይትኛ ሰላምታ እጃቸውን ዘረጉ።

ግራዬ ተንቀሳቀሰ። ገታ አድርጌ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ቀኜን በሆዴ «ተነስ!» አልኩት፣ የሚያንቀላፋ ተማሪ እንደምቀሰቅስ። «ተነስ እንጂ! ሽማግሌ ቆመውልሃል!» ጣቶቼ ብቻ ቀሚሴን ቧጠጡ። የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቆየ፤ ቀስ ብሎም ወረደ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ምን አስቀየምኩሽ?»