የጳጉሜ ዜሮ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ምን ያህል ይሆናል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ናዝሬት በሚገኘው፣ የዘማቾችን ጉዳይ በሚከታተለው መሥሪያ ቤታችን በኮምፒውተር ጸሐፊነት ይሠሩ የነበሩት እትዬ ሸዋወርቅ ናቸው።

በ1979 ዓ.ም.፣ ባለፈው ዓመት ለየዘማቹ ቤተሰብ በየወሩ ስንት ደብዳቤ እንደደረሰ የሚያሳዩ ሰንጠረዦችን እንዲያጋጥሙ ታዘዙ። ኮምፒውተሩ የሚታዘዝበት ቋንቋ ሙሉ ሰንጠረዥ እንደ አንድ ነገር አንስቶ ከሌላው ጋር ያጋጥማል፤ ስፋታቸው እኩል ካልሆነ ጠባቡን በዜሮ ሞልቶ ያስተካክለዋል። ከሁሩታ የመጣው ለየወሩ አንድ፣ በጠቅላላ ዐሥራ ሦስት ዓምድ ነበረው። የአርሲ ነገሌው ጸሐፊ ግን «አምስት ቀን ደግሞ ምን ወር ነው?» ብሎ ጳጉሜን ትቷት ነበር። ሲጋጠሙ የአርሲ ነገሌ ዘማቾች በሙሉ ጳጉሜ ላይ ዜሮ ወጣላቸው።

ከእነሱ አንዱ ከዚያ የዘመተው የእትዬ ሸዋወርቅ ልጅ ንዋይ ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤ የደረሳቸው ጳጉሜ ሦስት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ደብዳቤውን ከቦርሳቸው አውጥተው ለኃላፊያችን ለአቶ ገሠሠ አሳዩት።

«እትዬ ሸዋ፣ በአንዲት ዜሮ አገር አይፈርስም!» ብሎ ሳቀ።

«ዜሮ ማለት አልጻፈም ማለት ነው። ልጄ ጽፏል።»

«ከአርሲ ነገሌ በመጣው ሰንጠረዥ ላይ የለማ! ምን ላድርግልዎ?»

ያልተቆጠረና የሌለ አንድ አይደሉም፤ ማሽኑ ይህን አያውቅም፣ እኛም ያኔ አላወቅንም። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ በየዓመቱ ጳጉሜ ሦስት ቢሮ ድረስ እየመጡ፣ «አንድ ባትሉት እንኳ ቦታውን ባዶ ተዉልኝ፤ ባዶ ቦታ ሰው ይጠብቃል» ይሉን ነበር። ማንም አልተወላቸውም።