ወረታ ላይ የተነቀለው ኩሽኔታ

የመኪና ካምቢዮ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ኩሽኔታ በመዶሻ የሚወጣ ይመስለዋል። እስቲ ይሞክራት! ኩሽኔታ ማለት እንክብል ብረት የታጨቀበት ቀለበት ነው፤ የካምቢዮውን ዘንግ ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ዙሪያውን ብትቀጠቅጠው እንክብሎቹ ይበተናሉ እንጂ ውስጠኛው ቀለበት ንቅንቅ አይልም። ከሥር ይዞ የሚስብ መንቀያ ይፈልጋል። በጃንሆይ ዘመን ወረታ ላይ መንቀያ ከየት ይመጣል?

የኔ ካሚዮን የተሰበረችው በክረምት ነው፣ ያውም በማይሆን ቀን። ታላቅ እህቴ ምጥ ጠንቶባት ከፎገራ ሜዳ ባሏና ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ጭቃውን አቋርጠው አመጧት፤ እኔ ጎንደር ሐኪም ቤት እንዳደርሳት። ገና ከወረታ ገበያ ሳንወጣ ኩሽኔታው ተፈረካከሰ። መለወጫው ነበረኝ፣ ከመቀመጫዬ ሥር በጨርቅ ጠቅልዬ የማኖረው። የቸገረኝ አሮጌውን መንቀሉ ነው። ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው ሌላ መኪና ዝር አላለም።

እህቴ ካሚዮኗ ላይ ሸራ ሥር ተኝታለች፤ ባሏ፣ አማቷና ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ አጠገቧ ናቸው። «ወንድምዬ፣ ቶሎ በል» ትለኛለች፣ ድምጿ እየሰለለ።

የተሰበረ ባሌስትራ፣ የመኪና ሞላ ብረት፣ ይዤ ከገበያው ጀርባ ወደሚኖረው ባለእጅ ሮጥኩ። ሽማግሌ ነው። አገሩ ሁሉ ማረሻውን ያሠራበታል፣ ቤቱ ገብቶ የሚቀመጥ ግን የለም፤ ቡዳ ነው ይሉታል። «አያ፣ እህቴ እየሞተችብኝ ነው» ስለው ምንም ሳይጠይቀኝ ወናፉን መንፋት ጀመረ። ከባሌስትራው ሁለት ቆልማማ ጥርስ አወጣልኝ፤ አንድ ወፍራም አግዳሚ ብረትም መሐሉን በሳልኝ። ጥርሶቹን ከአግዳሚው ጫፍና ጫፍ አንጠልጥዬ፣ ከመሐሉ ሥር ቡሎን የሚጠብቅበትን ዳዶ አድርጌ ረጅም ቡሎን አሳለፍኩበት። ቡሎኑ ሲጠብቅ ጫፉ ዘንጉን ይገፋል፣ ጥርሶቹ ኩሽኔታውን ይስባሉ።

ካሚዮኗ ጋ ወስጄ ሳጠብቀው ጥርሶቹ ተፈልቅቀው አመለጡ። የቡሎን ማጥበቂያ ቁልፉን ጭቃ ውስጥ ወረወርኩት። ተመልሼ ሽማግሌውን ጠራሁት፤ ጥርሶቹን አቅፎ የሚይዝ ቀለበት ሠርቶ፣ በልኩ ራሱ ሊያጠልቅልኝ መጣ።

የእህቴ አማት ሽማግሌው ሲመጣ ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን እህቴ ፊት ላይ ጣሉ።

«ምጥ የያዛት ሴት ላይ ቡዳ ታመጣለህ? አብደሃል?»

«እማማ፣ የሚያድናት እኮ እሱ ነው! ትንሽ ይታገሡኝ፣ በሞቴ!»

«ዓይኑ ካረፈባት አለቀላት! አውርዷት!»

ባሏን ክንዱን ያዝኩት። «ተናገር እንጂ! ሚስትህ አይደለችም?» አቀርቅሮ ከጎረቤቶቹ ጋር ቃሬዛውን አነሣ። በእግራቸው ጎንደር ሊያደርሷት! በዚያ ዝናብ! እህቴ ከነጠላው ሥር ስሜን ጠራች። መኪናዋ ካልተነሣች የትም እንደማይደርሱ ስለማውቅ፣ ልጠግናት ቀረሁ።

ሽማግሌው ሁሉን ሰምቷል። ቀለበቱን አጠለቀ፣ ዘንጉን ያዘልኝ፣ እኔ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ቡሎኑ አቃሰተ፣ አቃሰተና ቋ! ብሎ ኩሽኔታው ለቀቀ። አዲሱን አስገብቼ ካምቢዮውን እስክገጥም ፀሐይ አዘቀዘቀች።

በጎንደር መንገድ ይፋግ ሳልደርስ አገኘኋቸው። ቃሬዛው መንገድ ዳር መሬት ላይ ነው። ነጠላው ከፊቷ እስከ እግሯ ሸፍኗታል። ዘልዬ ወርጄ እጇን ያዝኩት። ገና አልቀዘቀዘም። አልቀዘቀዘም እኮ!

«አላልኩህም?» አሉ አማቷ እየተንሰቀሰቁ። «ዓይኑ በላት።»

ጮኽኩ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። በኋላ ተነሥቼ «እሺ፣ ሬሳዋ እንኳ በጭቃ አይንገላታ፤ ካሚዮኗ ላይ እንጫናት» አልኳቸው። ባሏ ቀና ብሎ «ቡዳ የነካው ላይ አትጫንም» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ከአፉ የወጣው ይኸው ነው። ተሸክመዋት ወደ አገሯ ዞሩ። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ልይዝ ስጠጋ ገፉኝ፤ የኔም እጅ ከሽማግሌው ጋር አንድ ብረት ይዞ ውሏል።